ያልተደፈነው የኬርዋሊ ጉድጓድ

ፔማ መጀመሪያ በታዘዘ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ የወረወረው ሦስት ድንጋይ ብቻ ነው። ለምን ሦስት? ሊደፍነው አስቦ ከሆነ ሦስት መቶም አይበቃው፤ ሊተወው አስቦ ከሆነ አንድም መወርወር አላስፈለገውም። ብዙ አስቤበታለሁ። ሚስቱ ጃምኩ ራሷ ጠይቃው «እጄ ላይ የነበረው ሦስት ነው» አላት ይባላል። ይህ ደግሞ መልስ አይደለም።

ጉድጓዱን የቆፈረው አባቱ ነው። ጥልቀቱ አርባ ክንድ ሲሆን ግማሹ አፈር፣ ግማሹ አለት ነው። አለቱን በእሳት እያጋለ፣ ውሃ እየቸለሰበት፣ እየሰነጠቀ አራት ዓመት ወረደ፤ በአምስተኛው ዓመት ከሥር ውሃ ፈነዳ። በአገራችን በሜዋር አዲስ ጉድጓድ እንደ ሴት ልጅ ይዳራል። እስኪዳር ድረስ ባለቤቱ አንድ ጉንጭ አይቀምስም። መዘውሩ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፤ ካህኑ ይባርካል፤ መንደሩ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ የሰው ያህል ነው። የተዳረ ጉድጓድ የገደለ ሰው ቅድስቲቱን ላም ከገደለ አይሻልም። ፔማ በዚያ ሠርግ ላይ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። አድጎም ሌላ ሥራ አልሠራም። በሬ እየነዳ ውሃ ማውጣት ብቻ።

የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጦር ሜዳውን ሲይዝ (እኛ የእሱን ሰዎች ሁሉ፣ ከየትም ይምጡ፣ ቱርኮች ነው የምንላቸው) ራና የምንለው ንጉሣችን ወደ ተራራ ወጣ፤ ሕዝቡም እንዲከተለው አዘዘ። ሜዳው ይራቆት፣ ማንም እንዳይዘራ፣ ማንም መብራት እንዳያበራ፣ ጉድጓድ ሁሉ ይደፈን ተባለ። የሚበላና የሚጠጣ ያጣ ጦር አይቀመጥም። ሰው እያለቀሰ የየራሱን ጉድጓድ ደፈነ። ፔማ ሦስት ድንጋይ ወረወረ፤ አፉን በእሾህ ሸፈነና ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ ወጣ።

ቱርኮቹ መጡ። እሾሁን አነሱ። ውሃውን ቀመሱ። ከዚያም ጉድጓዱን መሐል አድርገው የጭቃና የድንጋይ ግንብ ሠሩ፤ ከሸለቆው ሁሉ ውሃ ያለው መንደራችን ኬርዋሊ ብቻ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ግንብ እየወጡ፣ እዚያው ፈረሳቸውን እያጠጡ፣ ተራራ ለተራራ አደኑን። የአባባ ነራ ሁለት ወንዶች ልጆች የተገደሉት ከዚያ ግንብ በወጡ ፈረሰኞች ነው።

አባባ ነራ የሽማግሌዎቹ አለቃ ነበር። የልጆቹን ሬሳ እንደ አገሩ ልማድ ባቃጠለ ማግስት ሸንጎ ጠራና በፔማ ላይ እሳትና ውሃ እንዲዘጋ አስፈረደ። ምድጃው የጠፋበት ዕለት ፍም የሚሰጠው የለም። ከእጁ ውሃ የሚጠጣ የለም። ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲያጠጣ የኖረ ሰው ነው፤ በመንገድ የተጠማ ሰው ሲያገኘው ግን ጠጠር አፉ ውስጥ አድርጎ እየመጠጠ ያልፈዋል። ስሙም ቀረ፤ ሦስት ድንጋይ ተባለ። ልጁ ሀንጃ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ያጯት ሰዎች ሽማግሌ ልከው «ወይ ግንቡ ይውደቅ፣ ወይ አባቷ ይሙት፤ የቀደመውን እንጠብቃለን» አሉ።

በዘጠነኛው ዓመት፣ በበጋው አጋማሽ፣ የግንቡ ውሃ ቀጂ በንዳድ ሞተ። ወሬው ራዎት ማንዳን ዘንድ ደረሰ። ራዎት ማንዳን የእነዚያ ተራሮች ጌታ ነው፤ ራናው አገሩን ሳይመልስ አልጋ ላይ አልተኛም ብሎ ስለማለ እሱም በጭድ ላይ የሚተኛ፣ በቅጠል ላይ የሚበላ ሰው ነበር። ሕዝቡን ከትልቁ የባንያን ዛፍ ሥር ሰበሰበ።

«ያን ጉድጓድ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

ማንም ቀና አላለም። አባባ ነራ ብቻ በበትሩ ከሰዎቹ ጀርባ አመለከተ።

«የሚያውቀውማ እዚያ ፍየሎቹ መሐል ተቀምጧል፣ ጌታዬ። ሦስት ድንጋይ ይባላል። የጀመረውን ይጨርስ።»

ሰው ሳቀ። ፔማ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

«ሁኩም» አለ። ለጌታ አቤት ማለት ነው። «ምን ልሥራ?»

«ግባና ቅዳላቸው» አለ ራዎቱ። «ይመኑህ። ዝናቡ አልቆ፣ ሰይፍና ፈረስ በሚመለክበት በዓል፣ በአሥረኛው ቀን ጠዋት እኛ ጫካው ውስጥ እንሆናለን። በራቸው ለሣር አጫጆች ተከፍቶ፣ ፈረሶቻቸው ያለ ኮርቻ ገንዳው ላይ ሲሆኑ ምልክት ስጠን። ከዚያ ማስቀጃውንም ገመዱንም ጉድጓድ ጨምረህ ውጣ፤ መቅጃ ያጣሉ፣ ቆዳውም በስብሶ ውሃውን ይገድለዋል። ግንቡን በአንድ ጊዜ ባንይዘው እንኳ ጥም ይይዝልናል። ከትልቁ ሰፈር ረዳት ጦር ለመድረስ አራት ቀን ይፈጅበታል፤ ጥም ግን ሁለት ቀን ይበቃዋል።»

አባባ ነራ ጨመረ። «ጉድጓዱ ከሞተ እኔ ራሴ ከእጅህ ውሃ እጠጣለሁ። ካልሞተ ግን ፔማ፣ ራስህን ሳይሆን ልጅህን አስብ። እዚሁ ታረጃለች።»

ጃምኩ ከሴቶቹ መሐል ድምፅዋን ሳትቀንስ «አይ አባባ!» አለች። «ከእጁ ውሃ አይጠጡ፤ ሊሞትልዎ ሲሄድ ግን ከእጁ ግንብ ይቀበላሉ!»

«ይህችን ሴት ዝም የሚያሰኛት የለም?» አለ አንዱ።

«ሃያ ዓመት ሞክሬአለሁ» አለ ፔማ።

ሀንጃን አጎቷ ዘንድ አስቀምጠው ሁለቱ ወረዱ። ሁለት መሆን ነበረባቸው፤ ሥራው ለሁለት ሰው ነውና። ከጎሽ ቆዳ የተሰፋው ትልቁ ማስቀጃ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ገመዱ በመዘውሩ ላይ አልፎ ከበሬዎቹ ቀንበር ጋር በአንዲት የእንጨት ሽብልቅ ይያያዛል። ነጂው በሬዎቹን ቁልቁል ሲነዳ ራሱም ገመዱ ላይ ተቀምጦ ክብደቱን ይጨምራል። ማስቀጃው ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል፣ እዚያ የቆመው ሰው እየዘፈነ ይይዘውና ወደ ገንዳው ይገለብጠዋል። ነጂው ጀርባውን ስለሰጠ አያይም፤ የሚሰማው ስንኙን ነው። ስንኙ ሲያልቅ ሽብልቋን ይነቅላል፤ ገመዱ እየተምዘገዘገ ይመለሳል። ስንኙ ሳያልቅ የነቀለ ሰው ጓደኛውን ከማስቀጃው ጋር ወደ ጉድጓድ ሊሰድደው ይችላል። ስለዚህ የጉድጓድ ሰዎች ይዋሻሉ፣ ይሰክራሉ፤ በዘፈን ግን አይቀልዱም። የገመዱ ጭራ ደግሞ ሁልጊዜ ከድንጋይ ምሰሶ ጋር ይታሰራል፤ አለበለዚያ ሽብልቋ ስትነቀል ሁሉም ነገር ተከታትሎ ይገባል።

የግንቡ አዛዥ ዳርዌሽ ቤግ የሚባል፣ ጥርሱ የሚያመው፣ ከሩቅ ሰሜን የመጣ ሽማግሌ ወታደር ነበር። ማታ ማታ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጃምኩ ስትዘፍን ይሰማል። ቋንቋችንን በግማሽ ያውቃል።

«አሁን ምን አለች?» ብሎ አንድ ቀን ፔማን ጠየቀው።

«ቀዩ በሬ ሰነፍ ነው፣ ባሌ ግን ይብሳል ነው የምትለው።»

«እውነት ነው?»

«የበሬውን ነገር አልክድም» አለ ፔማ።

ቤጉ ጉንጩን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሱ ምግብ፣ ጨው ካለበት ዳቦ፣ ይልክላቸው ጀመር። ፔማ ሰባት ወር በላ። ጨው ደግሞ በእነሱም ዘንድ በእኛም ዘንድ አንድ ነው፤ የሰው ጨው የበላ የዚያ ሰው ባለዕዳ ነው። ጃምኩ አንዳንድ ቀን ዳቦውን ለበሬዎቹ ስትሰጥ ፔማ አይቷታል።  እሱ ይበላ ነበር።

አሥረኛው ቀን ደረሰ። ዝናቡ ካቆመ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ሣሩ የሰው ወገብ ይደርሳል። በሩ ተከፍቶ አርባ የሚሆኑ ወታደሮች ከአጫጆቹ ጋር ወጡ። ስድሳ ፈረሶች ያለ ኮርቻ ገንዳው ላይ ተሰለፉ። ጃምኩ ማስቀጃውን ያዘችና የጣዎሱን ዘፈን አነሣች።

የጣዎሱን ዘፈን የጉድጓድ ሰው ክረምት ካለፈ በኋላ አይዘፍነውም። ዝናብ ይጠራል፤ አውድማ ላይ ያለ እህል ያበሰብሳል። በዚያ ወር የዘፈነው ሰው ቢኖር መንደሩ በድንጋይ ባባረረው ነበር። ለቱርኮቹ ዘፈን ሁሉ ዘፈን ነው። ጫካው ውስጥ ለተደበቁት ግን ከነጋሪት ይበልጥ ጮኸ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የመንደራችን ሰዎች ሲያወሩት ድምፃቸው ይቀንሳል። ተራራው ተነሣ ይላሉ። ማንም ሲሮጥ አልታየም፤ ሣሩ ብቻ ከላይ እስከ ታች ተከፈለ። ቢል የሚባሉት የተራራው ቀስተኞች ከፊት፣ ራጅፑት የሚባሉት የራዎቱ ባለ ሰይፎች ከኋላ፣ ስምንት መቶ ሰው፣ አንድም ሳይጮህ ወረደ። ዘጠኝ ዓመት የተሰደደ ሕዝብ ሲመለስ ይጮኻል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ፔማ ከቁልቁለቱ ጫፍ በተከፈተው በር አሻግሮ ሲያይ መጀመሪያ ንፋስ መስሎት ነበር። ቀጥሎ የንጋቱ ፀሐይ በሰይፎቹ ላይ አረፈች። ገመዱ ላይ እንደተቀመጠ፣ የራሱ ወገን እንደሆነ እያወቀ ፈራ። በሬዎቹ እንኳ ጆሯቸውን አቁመው ቆሙ።

ውጭ የነበሩት አርባዎቹ ሰይፍ ሳይመዙ አለቁ። የእኛ ሰዎች ለመድረስ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ግን በሩ ላይ የነበሩት ዘበኞች ሳንቃውን ገፍተው ዘጉት። ዳርዌሽ ቤግ ሰማንያ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ውስጥ ቀረ። ፔማና ጃምኩም አብረው።

አሁን ቀሪው ነገር የፔማ ነበር። ከግንቡ ውጭ ያለው ሕዝብ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ፤ የመዘውሩን ዝምታ ነበር የሚጠብቀው። አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ያ ያረጀ መዘውር፣ እያንዳንዱ የኬርዋሊ ሰው ከእናቱ ጡት ጋር የሚያውቀው፣ ሲጥ… ሲጥ… ማለት ጀመረ።

«እየቀዳላቸው ነው!» አለ አባባ ነራ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሣ። «ስሙ! እየቀዳላቸው ነው እኮ! ሁለተኛ! ሁለተኛ ገደለኝ!»

 የራዎቱ ፊት እንደ አመድ ሆነ።

ውስጥ ፔማ በእርግጥ እየቀዳ ነበር፤ ለቁስለኞች፣ ለፈረሶች። ጃምኩ አምስተኛውን ማስቀጃ ስትገለብጥ በሹክሹክታ ጮኸችበት።

«ምን ነካህ? ማስቀጃውን ጨምረው እንጂ!»

«ቆይ።»

«ሀንጃን አስብ፣ አንተ ሰውዬ!»

«እሷን ነው የማስበው» አለ። ሄዶ የገመዱን ጭራ ከምሰሶው ፈታ። ተመልሶም «አንድ ማስቀጃ እናውጣ። ስንኙን ግን እንዳትጨርሺው» አላት።

በሬዎቹ ወረዱ። ማስቀጃው ሞልቶ ከአፉ ብቅ አለ። ጃምኩ አንድ እጇን ላዩ ላይ ጣል አድርጋ ዘፈነች፤ የመጨረሻዋ ቃል ስትቀር አቆመች። በግቢው ውስጥ የነበሩት ወታደሮች ሰባት ወር የለመዱት ዘፈን ስለተቆረጠ ዞር ብለው አዩ። ፔማ ገመዱ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ሽብልቋ ላይ ነው።

«ቤጉን ጥሩልኝ» አለ።

ዳርዌሽ ቤግ መጣ። የተፈታውን ጭራ አየ፣ ሽብልቋን አየ፣ ገባው።

«ልንቀለው ነበር የታዘዝኩት» አለ ፔማ። «ጠዋት የዘፈነችውም ለእነሱ ነው። የጠራናቸው እኛ ነን።»

አንዱ ቀስተኛ ቀስቱን ሳበ። ቤጉ ሳያየው እጁን አነሣ። «አትንኩት። ከወደቀ ሁሉም አብሮት ይገባል።» ከዚያ ወደ ፔማ ዞረ። «በጥምጥማችን ማሰሮ አስረን እንቀዳለን።»

«ለሰው ትደርሳላችሁ። ለስድሳ ፈረስ አትደርሱም። ያለ ፈረስ ደግሞ ከዚህ ሸለቆ አትወጡም።»

ቤጉ ጉንጩን ያዘ። ጥርሱ ያን ዕለትም ያመው ነበር ይባላል።

«ታዲያ ለምን አልነቀልከውም?»

ፔማ ዞሮ የጉድጓዱን አፍ አየ።  «መሣሪያችሁን አስቀምጣችሁ ውጡ» አለ። «ማንም አይነካችሁም።»

«በማን ስም ነው የምትምልልኝ?»

«በራዎቱ።»

«ራዎቱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ሽማግሌው በዚያ ሁሉ መሐል ሳቀ። «ሰባት ወር ጨዬን በልተህ ዛሬ ጠዋት ሸጥከኝ። ያንተ መሐላ ምን ያወጣል?»

«የኔ ምንም ላያወጣ ይችላል» አለ ፔማ። «የሱ ግን ያወጣል። ልከኝና ልጠይቀው።»

«ሚስትህ ትቀራለች።»

«ትቅር። ከኔ ጋር መነጋገር ይሻልህ ነበር እንጂ።»

ጃምኩ የሞላውን ማስቀጃ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ትታ ቁልቁለቱን ወረደችና በባሏ ቦታ ገመዱ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ሽብልቋ ላይ አደረገች። «ቶሎ ተመለስ» አለችው። «ይህ ገመድ ይቆረቁራል።»

ፔማ በናስ ጣሳ ውሃ ይዞ በትንሿ በር ወጣ። ወገኖቹ ሁለት ተራ ሠርተው አሳለፉት። ምራቅ የተፋበት አለ። «ሦስት ድንጋይ! አራተኛው የት አለ?» ያለው አለ። አንድ ወጣት ሰይፉን ከአፎት ግማሽ አወጣ። ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ ግን አልፈሰሰም፤ ፔማ ዓይኑን ከእሱ አልነቀለም። ራዎቱ ፊት ደርሶ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

በአገራችን ከመሐላ ሁሉ የሚከብደው የጨው መሐላ ነው። ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ጨው ይጣላል፤ የጣለው ሰው ቃሉን ከበላ እሱም ዘሩም እንደዚያ ጨው ይሟሟል። ጣሳውን ያየ ሰው ሁሉ ፔማ ለምን እንደመጣ አወቀ።

«በእኔ ስም ቃል ሰጠህ?» አለ ራዎት ማንዳን።

«አልሰጠሁም፣ ጌታዬ። ይሰጡ እንደሆነ ልጠይቅ መጣሁ። መሣሪያቸውን ጥለው ይውጡ፤ በሰላም ይሂዱ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የታዘዝከው።»

«ሁኩም። ሁለት ጊዜ።»

«እምቢ ብልህስ?»

«ተመልሼ እገባለሁ። ሽብልቋን እነቅላለሁ። ከዚያ በኋላ እኔንና ጃምኩን ምን እንደሚያደርጉን እነሱ ያውቃሉ።» ፔማ ይህን ሲናገር ድምፁ ስለ በሬ ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው ነበር። «ጉድጓዱ ይሞታል፤ እርስዎም ግንቡን ይይዛሉ። በሸለቆው ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። ጉድጓዱ በሞተበት ግንብ ውስጥ ማን ገብቶ ይኖራል? ማን ይዘራል? ምን ይጠጣል? እኔ የማላውቀው ይህን ነው።»

አባባ ነራ በትሩን መሬት መታ። «ልጆቼስ? ጌታዬ፣ የልጆቼን ገዳዮች ውሃ አጠጥቶ ሊሸኝልን ነው!»

  ራዎቱም በዚያ ሸለቆ ያጣው ወንድም ነበረው፤ ዘጠኝ ዓመት ጭድ ላይ ያስተኛው ያ ወንድሙ ጭምር ነው። በእጁ የሰይፉን እጀታ ጨብጦ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲፈታ ሁሉም አየ። ከዚያ በመቀነቱ ጫፍ ከገብስ ዱቄቱ ጋር የቋጠረውን ጨው ፈታ፤ ጎንበስ አለ። የተራሮቹ ሁሉ ጌታ አቧራው ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ በውሃ ቀጂ ጣሳ ውስጥ ጨው ጣለ።

«ይህን ቃል ብበላ እንዲህ ልሟሟ» አለ።

ፔማ ጣሳውን አንሥቶ ለቤጉ ሊያሳየው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ሰማንያዎቹ ሰዎች ሰይፋቸውንና ቀስታቸውን ከግንቡ ሥር ከምረው፣ ቁስለኞቻቸውን ፈረስ ላይ ጭነው ወጡ። መንገዱ በእኛ ሰዎች መሐል ነበር። እዚህ ላይ ነው እኔ ሁልጊዜ የምደነግጠው። ወንድሙ የተገደለበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ዘጠኝ ዓመት ቅጠል የበላ ሕዝብ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ ጠላቱ ሲያልፍ አየ። አንዲት ፍላጻ አልተለቀቀችም። አንድ ሰው አልተሳደበም። የሚሰማው የፈረሶቹ ኮቴ ብቻ ነበር።

ዳርዌሽ ቤግ ከሁሉ በኋላ ወጣ። ፔማ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ጠዋት ሸጥከኝ፣ ከሰዓት ገዛኸኝ» አለ። «እንዳንተ ያለ ሰው ቋንቋችሁ ውስጥ ምን ይባላል?»

«እንጃ። እኔ ውሃ ነው የምቀዳው።»

ቤጉ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ያን ምሽት በኬርዋሊ ሜዳ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው መብራት በራ። ወታደሩ እየቀዳ ጠጣ፣ ጨፈረ፣ አንቀላፋ። ፔማ አልተኛም። በጥቃቱ ዋዜማም አልተኛም ነበር። አንድ የተናደደ ሰው መጥቶ የሞተ ውሻ እንዳይጥልበት ፈርቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ አደረ። በሬዎቹም አጠገቡ ቆመው አደሩ።

ጠዋት ሽማግሌዎቹ ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። ከተራራ የወረዱት ሴቶችና ልጆች ደረሱ፤ ሀንጃም ከአጎቷ ጋር መጣች። አንዱ ሽማግሌ «በፔማ ላይ የተዘጋው ይከፈት» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ግን አባባ ነራን ነበር የሚያየው፤ የዘጋው እሱ ነው፤ እሱ ካልጠጣ የማንም መጠጣት አይቆጠርም።

«እኔ የተናገርኩት ቢሞት ነው» አለ አባባ ነራ። «ጉድጓዱ ከሞተ እጠጣለሁ አልኩ። አልሞተም። ቃሌ ቃል ነው።»

«ታዲያ ከትናንት ጀምሮ ምን እየጠጡ ነው፣ አባባ?» አለች ጃምኩ።

«አልጠጣሁም።»

ያኔ ነው ሰው ልብ ብሎ ያየው። የሽማግሌው ከንፈር ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ስምንት መቶ ሰው ሲጠጣ እሱ ብቻ፣ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ሙቀት፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ጉድጓዱ አጠገብ ሳይጠጣ ተቀምጦ አድሯል። ጃምኩ እንኳ ዝም አለች።

አባባ ነራ በበትሩ ተደግፎ ተነሣ። ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ቁልቁል አየ። ብዙ አየ። ለማንም ሳይሆን መናገር ጀመረ።

«አባቱ ይህን ሲቆፍር አፈሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ። ሲዳር ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ሲወለዱ መጀመሪያ የታጠቡት በዚህ ውሃ ነው።» ቆም አለ። «እኔ የራሴን ደፍኛለሁ። በዚህ እጄ። አሁን የት እንደነበር እንኳ ቦታውን አላገኘሁትም፤ ጠዋት ፈልጌው ነበር።»

ከፔማ ፊት መጥቶ ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ቁጢጥ አለ። ሁለት እጆቹን ገጥሞ ከአፉ ሥር አደረገ።

«አፍስስ» አለ።

ፔማ ጣሳውን አነሣ። ያን ሁሉ ሰው አልፎ ውሃ ሳያፈስ የሄደ እጅ አሁን ግማሹን የሽማግሌው ጢም ላይ አፈሰሰ። አባባ ነራ ጠጣ። «ጨምር» አለ። ጠጣ። ሦስተኛ ጊዜ አስጨምሮ ፊቱን ታጠበ፤ ሲያለቅስ ይሁን ሲታጠብ አልተለየም።

«ውሃው ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ ሲጨርስ።

«ድሮም ይላል፣ አባባ።»

«ድሮም ይላል» አለና ሽማግሌው በትሩን ጠየቀ። «የሀንጃን አማቾች ጥሩልኝ። ከዚህ ሰው እጅ ጠጥቻለሁ በሏቸው። እነሱም መጥተው ይጠጡ።»

ሀንጃ አባቷ እግር ላይ ተደፋች። ሰው ተንጫጫ፤ አንዱ ጣሳ ሲጠይቅ ሌላው እጁን ሲገጥም ፔማ ለሁሉም አፈሰሰ፣ እስኪጠጡ፣ እስኪጨርሱ። ተራው ሲያልቅ ጣሳውን ለሚስቱ ሰጥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። በሬዎቹ የሚዞሩበት ቦታ፣ የለሰለሰው አፈር ላይ፣ ክንዱን ተንተርሶ ጋደም አለ። የተራራው ከብቶች ከገንዳው ጠጥተው ወደ ሜዳው ሣር በሚሰማሩበት ሰዓት፣ ረፋድ ላይ፣ እንቅልፍ ወሰደው።